የቅቤ ሽታ ያለው ብር

መስከረም 2013 የብር ኖት ሲቀየር አገር ምድሩ ፍራሹን ገለበጠ። አሮጌውን አሥር፣ ሃምሳና መቶ ብር ወደ ባንክ ለመመለስ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበርና ሆሳዕና ያለው ቤታችንም ከጓዳ እስከ ቆጥ ተፈተሸ። እናቴ ካረፈች ቆይታለች። ታናሽ እህቴ ከቁም ሳጥኑ ሥር አንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ጎትታ አወጣችና ክዳኑን በማንኪያ ጫፍ ፈለቀቀችው። ከብሩ በፊት ሽታው ወጣ፤ በሳል ቅቤ፣ ኮሰረት፣ የምድጃ ጭስ። እህቴ ቆርቆሮውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ዓይኗን ጨፈነች። እኔም የገበያ ቀን ማለዳ ደጃችን ላይ ቆሜ ነበር፤ ጭቃ የጠጣ የሴቶች እግር ተደርድሮ፣ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ በየጉያው ተሸጉጦ፣ እናቴ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ስንጥሯን በቀሚሷ ጫፍ ስትጠርግ።

ባንክ ስንወስደው የመቁጠሪያ ማሽኑ ብሩን አልቀበል አለ። ወዝ የጠጣው ኖት እርስ በርሱ እየተጣበቀ ማሽኑን ደጋግሞ አቆመው። ገንዘብ ተቀባዩ ልጅ ተስፋ ቆርጦ በእጁ መቁጠር ሲጀምር ጣቱን አሸተተና «ይሄ ከወጥ ቤት ነው እንዴ የወጣው?» አለ። እህቴ ኮራ ብላ «ከንግድ ነው» አለችው።

እኔን የገረመኝ ግን ብሩ የታሰረበት መንገድ ነው። በሦስት ተከፍሎ ነበር። አንዱ በላስቲክ፣ አንዱ ከቀሚስ ጠርዝ በተቀደደ ጨርቅ፣ አንዱ በእንሰት ቃጫ። ልጅ ሆነን ይህን ሥርዓት እናውቀው ነበር፤ ረስተነው ኖሯል። በላስቲክ የታሰረው የቤት ነው፤ በርበሬው፣ ላምባው፣ የእኛ ደብተር ከዚያ ይወጣል። በጨርቅ የታሰረው የቤተ ክርስቲያንና የለቅሶ ነው። በቃጫ የታሰረው የቅቤው ነው። በቅቤው ብር ከቅቤ በስተቀር ምንም አይገዛበትም፤ ቤት ውስጥ ሰው ቢታመም እንኳ መጀመሪያ ላስቲኩ ይፈታል፣ ቀጥሎ ጨርቁ፣ ከዚያ ጎረቤት ይጠየቃል።

አባቴ መምህር ነበር። የወር መጨረሻ ሲርቅበት አንዳንዴ ዓይኑ ወደ ቃጫው ይሄዳል። አንድ ማታ «ለጊዜው ከዚያ አበድሪኝ» ሲላት ሰምቻለሁ። አልቆጣችም፣ አልከለከለችም። «አባቱ፣ ደመወዝ መቼ ነው የሚገባው?» ብላ ጠየቀችው። ቀኑን ነገራት። በማግስቱ ጠርታኝ ከበሩ ጀርባ፣ ከደንበኞቿ የዱቤ መስመር አጠገብ፣ ለአባቴም አንድ የከሰል መስመር አሰመረችለት። ደመወዙ በገባ ዕለት አባቴ ኮቱን ሳያወልቅ ወደ በሩ ሄዶ መስመሩን ራሱ በአውራ ጣቱ አጠፋው። በኋላ ብዙ ነጋዴ አይቻለሁ፤ የንግዷን ገንዘብ ለባሏ በቀጠሮ የምታበድር ግን ከእርሷ በቀር አላጋጠመኝም። ብዙዎቹ ሱቆች የሚዘጉት ገበያ ስለጠፋ አይመስለኝም። ባለቤቱ ማታ ማታ ከመሳቢያው እየዘገነ ወደ ቤቱ ስለሚገባና የዘገነውን ስለማይቆጥር ነው። ሸቀጡ ሲያልቅ ብሩ የት እንደገባ ሁሉም ሰው ይገርመዋል።

እናቴ የዶዮገና ልጅ ናት፤ ሆሳዕና የገባችው በጋብቻ ነው። ከሌሞ የመጣችውን ሴት በሀዲይኛ፣ ከአንጋጫ የመጣችውን በከምባትኛ፣ የአዲስ አበባውን ተረካቢ በአማርኛ ታናግራለች። ማንበብና መጻፍ አትችልም። ሴቶቹ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ «አማ»፣ እናት፣ ነበር የሚሏት።

መነሻዋ ዊጆ ነው። ዊጆ የሴቶች የቅቤ ዕቁብ ነው፤ እያንዳንዷ በየተራው ቀን የተወሰነ ቅቤ ታዋጣለች፣ ተራ የደረሳት ጠቅላላውን ትወስዳለች። ወንዶቹ ደግሞ ቱታ አላቸው፤ ለመስቀል የሚታረደውን በሬ ለመግዛት ከወራት በፊት ጀምረው ያጠራቅማሉ። የመስቀል በዓላቱ፣ የሀዲያ ያሆዴም ሆነ የከምባታ መሳላ፣ ያለ ቅቤና ያለ ሥጋ አይታሰቡም። በዋዜማው አታካና ይሠራል፤ ቡላው በወተትና በቅቤ ይበስልና ቅቤው ከላይ እስኪንሳፈፍ ይጨመርበታል። ስለዚህ ሁሉም ሴት የዊጆ ተራዋ ወደ መስቀል ቢጠጋላት ደስ ይላታል። እናቴ ተራዋ መስቀል አፋፍ ላይ ሲወድቅላት ቀኑ ከራቀባት ጎረቤቷ ጋር ተለዋወጠች። ጎረቤቷ እስከ ዛሬ ውለታ የተዋለላት ይመስላታል። እናቴ ግን የሩቁን ተራ የፈለገችው ለመብላት አልነበረም። ቅቤው ርካሽ በሆነበት ወር ወሰደችው፣ ሸጠችው፣ በብሩ ሌላ ቅቤ ገዛች፣ ያንንም ሸጠች። በዚያ ዓመት የእኛ ቤት አታካና ቅቤው ሳሳ ያለ ነበር ይባላል።

ጊዜው ደርግ የወደቀበት ሰሞን ነው። ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በካርድ ይታደል የነበረበት ዘመን ገና ከሰው አፍ አልወጣም። ቅይጥ ኢኮኖሚ በ1982 ቢታወጅም ነጋዴ መሆን ከአሻጥረኛነት ጋር አብሮ መጠራቱ ቶሎ አልቀረም። አባቴ መጀመሪያ ላይ በሚስቱ ንግድ ትንሽ ያፍር እንደነበር እገምታለሁ። የመምህር ሚስት ደጅ ላይ ተቀምጣ ቅቤ ስታገላብጥ ማየት ለእርሱ ቀላል አልነበረም። ደመወዙ ወር አልደርስ ሲል ግን እፍረቱ እየቀለለ ሄደ።

አሁን ወደ ስንጥሯ ልመለስ፤ ንግዷ በሙሉ እዚያች ስንጥር ጫፍ ላይ ነበርና። ከቀርከሃ የተፋቀች፣ ከእርሳስ የቀጠነች፣ ከብዙ አገልግሎት የተነሳ የጠቆረች ናት። ሴትየዋ ኮባውን ስትገልጥ እናቴ የቅቤውን ፊት ዝም ብላ ታያለች። ፊቱ ሁልጊዜ ጥሩ ነው፤ ማንም ሰው መጥፎውን ከላይ አያደርግም። ስንጥሯን ከጎን እስከ እምብርቱ ትሰድና ቀስ ብላ አዙራ ታወጣዋለች። መጀመሪያ ታሸታለች። ከዚያ የግራ እጇ አንጓ ላይ ቀባ ታደርግና በጣቷ ታሻሸዋለች። ንጹሕ ቅቤ በሰውነት ሙቀት ወዲያው ይቀልጣል፤ ሙዝ ወይም ድንች የገባበት ይንከባለላል፣ የአትክልት ቅቤ የተቀላቀለበት ደግሞ እንደ ሻማ ቆዳ ላይ ይቀራል። ከተጠራጠረች ቁራሽ ቆርሳ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በመዳፏ ታሸዋለች። ውኃው ነጣ ካለ አሬራው በደንብ አልታጠበም ማለት ነው፤ ያ ቅቤ አዲስ አበባ ሳይደርስ ይኮመጥጣል። ደግሞም አሬራና ውኃ ሚዛን ላይ ይከብዳሉ፤ ሲነጠር ግን ይጠፋሉ።

ቀለሙንም ታነባለች። ክረምት ላይ ላሟ ለምለም ሣር ስትግጥ ቅቤው ቢጫ ይላል፤ በጋ ላይ ድርቆሽና የእንሰት ቅጠል ስትበላ ይነጣል። አንዴ በየካቲት ወር ወርቅ የመሰለ ቢጫ ቅቤ ይዛ የመጣች ሴት «እንዴት ያምራል!» ተብላ እንድትሞገስ ስትጠብቅ፣ እናቴ «እህቴ፣ በዚህ ወር ላምሽ ሣሩን ከየት አገኘችው?» አለቻት። ሴትየዋ ሳቀች፤ እርድ ነበር። ያም ሆኖ እናቴ አላባረረቻትም። በዝቅተኛ ዋጋ ገዛቻትና ለብቻው አስቀመጠችው። ያቺ ሴት ከዚያ በኋላ ስትመጣ ኮባውን ራሷ ገልጣ፣ ስንጥሩንም ራሷ ታቀብላት ነበር።

ከአንድ ሰው ብዙ አትገዛም። ትልቅ ጭነት ይዞ የሚመጣ ነጋዴ ቢቀንስላት እንኳ ከገጠር ሴቶች ትንሽ ትንሹን መልቀም ትመርጣለች፤ አንድ የኮመጠጠ ድቡልቡል ሙሉ ባልዲ ስለሚያበላሽ፣ ያንን ድቡልቡል ማን እንዳመጣው ማወቅ ትፈልጋለች። ለጋው በአንድ ማሰሮ፣ መካከለኛው በሌላ፣ በሳሉ በሌላ ይገባል። የራስ ቅቤ የሚፈልጉ ደንበኞች ሌላ ናቸው፣ ለንጥር የሚፈልጉ ሌላ። መጥፎ ቅቤ የለም፣ ቦታውን ያላገኘ ቅቤ ነው ያለው ትል ነበር። ሙዝ ያለበትን ግን በፍጹም አትነካም።

ሚዛኑ የራሱ ታሪክ አለው። መጀመሪያ ላይ ንግዱ በዓይን ነበር። በኋላ ሚዛን መጣ፤ የብረት ክብደቱ ባልተሟላበት ቀን ያለቀ ባትሪ ድንጋይ ይተካዋል። የአዲስ አበባው የሾላ ገበያ ተረካቢዋ በየጊዜው ኪሎ እየቀነሰ ይከፍላት ጀመር። «የኮባው ነው» ይላታል። እርሷ ስትገዛ ኮባውን ቀንሳ አታውቅም። ከሴቶቹ በኮባው ትገዛለች፣ ለተረካቢው ያለ ኮባው ትሸጣለች፤ ልዩነቱ ከእርሷ ትርፍ ላይ ይቆረጣል። ለሴቶቹ ዋጋ መቀነስ ይቻል ነበር፤ ግን ኮባ ይመዘናል ብሎ ማስረዳት ጠብ ነው። ያደረገችው ሌላ ነው። ከጓሯችን እንሰት ቅጠል አስቆርጣ በእሳት ወላፈን ላይ ታሳልፈዋለች፤ ውኃው ይወጣል፣ ቅጠሉ ይለሰልሳል፣ ይቀላል። ሴቶቹ እንደደረሱ ቅቤውን በእኛ ኮባ ታዞረዋለች፣ የእነርሱን ርጥብ ኮባ ለላሟ ትሰጣለች፤ ሚዛን ላይ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማንም አልተከፋ። ይህን ዘዴ በኋላ የሒሳብ ትምህርት ከተማረ የአጎቴ ልጅ ጋር ሳወራ ስም አለው አለኝ፤ እናቴ ስሙን ሳትሰማ ነው የሞተችው።

ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ቅቤ የሚጫነው ሌሊት ላይ ነው። የአውቶቡሱ ረዳት ባልዲውን ከሞተሩ ራቅ አድርጎ እንዲያስቀምጥ ትነግረዋለች፣ ለዚያም ትከፍለዋለች። ብሩን የሚመልሰውም እርሱ ነው፤ በመሐረብ ቋጥሮ። ስልክ በየኪሱ ከመግባቱ በፊት የሾላን ዋጋ የምትሰማው ከሾፌሮች ነበር። አንዱን ሾፌር ብቻ አትጠይቅም። ሁለት ሾፌር በተለያየ ሰዓት ትጠይቃለች፣ ሁለተኛውን ስትጠይቅ የመጀመሪያው የነገራትን አትናገርም። ቁጥሩ ከተቀራረበ ታምናለች፤ ከተራራቀ ዝቅተኛውን ይዛ ትገዛለች። ስለ መረጃ ብዙ የሚያወሩ ሰዎች ስሰማ ያቺ የሌሊት መናኸሪያ ናት የምትታወሰኝ፤ ጭጋጉ፣ የናፍጣው ጭስ፣ ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ የተከናነበች ሴት፣ «ሰሞኑን ሾላ እንዴት ነው፣ ወንድሜ?»

የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን አባል የሆነችው እናቴ የኦርቶዶክስን አጽዋማት ልቅም አድርጋ ታውቅ ነበር። ሆሳዕና የሚበላው ቅቤ ጾም አያግደውም፤ አዲስ አበባ የሚበላው ግን ያግደዋል። ሁዳዴ ሲገባ የሃምሳ አምስት ቀን ጾም ስለሆነ ሾላ ይቀዘቅዛል፣ ዋጋ ይወድቃል። ያን ጊዜ ሌላው ነጋዴ እጁን ይሰበስባል። እርሷ ትገዛለች፤ ግን ለጋውን ጥሬውን ማቆየት ስለማይቻል ታነጥረዋለች። ጓዳችን በኮረሪማና በኮሰረት ይታጠናል። ፋሲካ ሲቃረብ የነጠረው ቅቤ ይወጣል። ከነሐሴ ፍልሰታ እስከ መስቀል ያለው ጊዜ ደግሞ ሁለት ገበያ የሚገጥምበት ነው፤ አዲስ አበባ ለእንቁጣጣሽ ይፈልጋል፣ ሀዲያና ከምባታ ለመስቀል ይፈልጋሉ። መስከረም ላይ አንድ ኪሎ እንኳ ወደ አዲስ አበባ አትልክም፤ እዚሁ ይሻላል። ያንን የምታውቀው በቀመር አይደለም። የቱታ ዳኞች በሬ ለመግዛት ወደ ገበያ መውጣት ሲጀምሩ አይታ ነው።

ዱቤ ላይ ግን ሰው ሁሉ ከእርሷ ይማር ባይ ነኝ። ለመምህርና ለሠራተኛ እስከ ወር መጨረሻ ትሰጣለች። ለገበሬ ስንዴው እስኪወቃ፣ እስከ ታኅሣሥ ትታገሣለች፤ በሰኔ ከገበሬ ገንዘብ መጠየቅ ጨዋነት አይደለም ብላ ታምናለች። የማትተማመንበት ሰው «ግማሽ ኪሎ በዱቤ» ሲላት የለም አትልም። ትንሽ ድቡልቡል ቆርሳ በኮባ ጠቅልላ «ይሄ የኔ ነው፣ ለልጆቹ» ብላ በነፃ ትሰጠዋለች። መጀመሪያ ደግነት ይመስለኝ ነበር። ደግነትም ነው፤ ግን ሒሳብም ነው። ባለ ዕዳ ሰው በደጅህ አያልፍም፤ በሌላ መንገድ ይዞራል፣ በእጁ ብር ያለበትንም ቀን ከሌላ ሰው ይገዛል። ግማሽ ኪሎ ቅቤና አንድ ደንበኛ ባንድ ጊዜ ይጠፋሉ። በነፃ የወሰደው ግን ቀና ብሎ ይመጣል።

ፊደል ስቆጥር የከሰሉ መስመር ወደ ደብተር ተዛወረ፣ እኔም ጸሐፊ ሆንኩ። ሐምሌ ሲመጣ የደብተሩ ጥቅም ታየ። አነስተኛ ነጋዴ ግብር ይከፍል የነበረው በሐምሌ ነው፣ የሚከፍለውም በግምት ነበር። ገማቾቹ ደጅ ላይ ቆመው የተሰለፈውን ሴት ይቆጥራሉ፤ የገበያ ቀን ከመጡ ሀብታም ትሆናለህ፣ በማግስቱ ከመጡ ደሃ። በሐምሌ 2009 የቀን ገቢ ግምት በየከተማው ነጋዴውን ሱቅ እስከ ማዘጋት ሲያደርስ፣ እናቴ አርጅታ ከንግዱ ወጥታ ነበር፤ ወሬውን በሬዲዮ ስትሰማ ግን «ደብተር የላቸውም እንዴ?» አለች። ሕጉ ያኔ ትንሹን ነጋዴ መዝገብ እንዲይዝ አያስገድደውም ነበር። ሰውም የማይገደድበትን አይጽፍም፤ ግምት ሲመጣ መልስ የለውም። የእኔ የልጅነት ጽሕፈት ሁሌ አሳምኗል ማለቴ አይደለም። ግን ቢያንስ ክርክሩ ስለ ቁጥር ይሆናል፤ ስለ ሰልፍ አይሆንም።

ከተማው በዚህ መካከል ሌላ ሆነ። ወጣቶቹ ወደ ደቡብ አፍሪካ መጉረፍ ጀመሩ። ከሀዲያና ከከምባታ መንደሮች የወጣው ወጣት ብዛት ለሌላ አገር ሰው ለማስረዳት ይከብዳል፤ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን በአንድ ክረምት ግማሽ ሲሆኑ ማየት ነው። ከደጃችን ቅቤ ይሸከምልን የነበረ የጎረቤት ልጅም ሄደ። እዚያ ሥራው በየሎኬሽኑ፣ በጥቁሮቹ ሠፈር፣ መዞር ነው፤ ብርድ ልብስና አልጋ ልብስ ተሸክሞ ቤት ለቤት በዱቤ ይሰጣል፣ ወር ሲደርስ ይሰበስባል። ዕቃው የሚወሰደው ጆሃንስበርግ ጄፒ በሚባለው ሠፈር ካሉት የእኛ አገር ጅምላ ሻጮች ነው። አንድ ቀን ለእናቴ ደውሎ «አማ፣ እዚህ የአሮጊቶቹ ጡረታ የሚከፈልበትን ቀን ነው የማጠናው» አላት። ከት ብላ ሳቀች። ግንቦት 2000 በውጭ አገር ሰዎች ላይ ጥቃቱ ሲነሳ ዕቃው ተዘረፈ፤ ሕይወቱ ተረፈ፣ ከዜሮ ጀመረ።

ከዚያ እየተላከ ሆሳዕና የገባው ገንዘብ ግን እርሱ እንዳገኘው ዓይነት አልነበረም። ያለቀለት ሆኖ ነው የሚደርሰው፤ ላቡ እዚያ ቀርቶ። ፎቅ በፎቅ ላይ ተሠራ፣ ምድር ቤቱ ሱቅ ሆነ። አንዱ ቡቲክ ሲከፍት አጠገቡ ቡቲክ፣ አንዱ ካፌ ሲከፍት ፊት ለፊቱ ካፌ። አንድ ዘመዴ ወንድሙ በላከው ብር ካፌ ከፈተ። የጣሊያን ማሽን፣ የቆዳ ወንበር፣ ትልቅ ቴሌቪዥን። ካፌው ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይከስር ነበር፤ ማንም አላወቀም። ኪራይ ሲጎድል ወንድሙ ይልካል፣ የሠራተኛ ደመወዝ ሲጎድል ወንድሙ ይልካል። ላስቲኩ፣ ጨርቁና ቃጫው አንድ ላይ ተቋጥረው ከሩቅ የሚሞላ አንድ ከረጢት ሆነዋል። ሰው ሁሉ «ሠራለት» ይላል። በ2012 ኮሮና መጥቶ ደቡብ አፍሪካ በሯን ስትዘጋ የወንድምየው ሱቅም ተዘጋ፣ የሚላክ ነገር ጠፋ፤ ካፌውም ብዙ አልቆየም። በሰው አገር በሸክም ዱቤ ሲሰበስብ የኖረው ወንድም ካፌውን ቢይዘው ኖሮ በሁለተኛው ወር ማሽኑን ይሸጠው ነበር ብዬ አስባለሁ።

ፎቆቹ ይሠሩ በነበረበት ዘመን ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመረ፤ የከተማው የጥንት ስም ተመልሶ በር ላይ ተጻፈ። በሩ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤቶች በቀሉ። ከነዚህ አንዷን የከፈተች ልጅ ትዝ ትለኛለች። ተማሪ ክረምት ላይ ከተማውን ለቆ ሲሄድ ሌላው ሱቁን ዘግቶ ኪራይ ይከፍላል፤ እርሷ ማሽኑን ወደ አዳሪ ትምህርት ቤትና ፍርድ ቤት አካባቢ እየወሰደች ማመልከቻ ትጽፋለች። ስትሠራ ሳያት እናቴ በሁዳዴ ቅቤ ስታነጥር ትመጣብኛለች። በነሐሴ 2015 የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና የክልል መቀመጫ ሆነች፤ የቢሮ ሠራተኛ ጎረፈ፣ ኪራይ ጨመረ። ልጅቷ ደንበኛ ሲበዛላት ባለ ቤቱም ደንበኞቿን ቆጠረና ኪራዩን ሰቀለ። አሁን የት እንዳለች ጠይቄ ነበር፤ ትንሽ ጓሮ ገዝታ ከዋናው መንገድ ገባ ብላለች አሉኝ።

እናቴን እያሞገስኩ ብቻ እንዳልሄድ። ንግዷ አላደገም። በብዙ ዘመን ውስጥ ባልዲው አልበዛም፣ ደጁ ሱቅ አልሆነም። በ1990ዎቹ ኦሞ ማይክሮ ፋይናንስ በቡድን ዋስትና ማበደር ሲጀምር ጎረቤቶቿ ቡድን እንሁን ብለው መጡባት። እምቢ አለች፤ «የሰው ቅቤ እሸታለሁ፣ የሰው ልብ አላሸትም»። ብድሩን ከወሰዱት አንዳንዶቹ ዛሬ የእህል መጋዘን አላቸው። እህቴ ስንጥሩን እንድታስተምራት ለምናት ነበር። እናቴ እሺ ትላለች፣ ወዲያው ስንጥሩን ትነጥቃታለች፤ «ቆይ፣ ቆይ፣ እኔ ልየው»። ሁሉም ነገር በእጇና በአፍንጫዋ ውስጥ ነበር። ስታረጅ ስኳር በሽታ ያዛት፣ ማሽተቷ ደከመ። መጀመሪያ ያወቀው የሾላው ተረካቢ ነው። አልተናገረም፤ ትእዛዙን ብቻ ቀነሰ፣ ከዚያ ተወ። እርሱ የሚያውቀው እርሷን ነው፤ በቤታችን ሌላ የሚያምነው ሰው አልነበረም። ስለዚህ ንግዱን ለማንም አላወረሰችም። ያወረሰችው በቃጫ የታሰረውን ብር ብቻ ነው፤ እርሱም ቅቤ ሳይገዛበት ቆርቆሮ ውስጥ ከርሞ ጊዜው ሊያልፍበት ሲል ተገኘ።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ዱራሜ ለምትኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። እርሷም ቅቤ ላይ ናት። ቅቤውን አንጥራ በፕላስቲክ ማሰሮ ታሽገዋለች፤ የሐምበርቾ ተራራ ሥዕል ያለበት ወረቀት ትለጥፍበታለች፣ በቴሌግራም ትሸጣለች። ዱቤ የላትም፤ ቴሌብር ሳይገባ ማሰሮ አይወጣም። የእናቴን የነፃ ድቡልቡል ታሪክ ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። «አክስቴ ትሸጥ የነበረው ለጎረቤት ነው፤ እኔ ፊቱን ለማላየው ሰው ነው የምሸጠው፣ አያፍረኝም» አለች። ቅቤ የሚገዙላት ሁለት ሴቶች ስንጥር መያዝ ተምረዋል፤ ያዩትን ደብተር ላይ ይጽፋሉ፤ የማን ቅቤ፣ በስንት ቀኑ፣ ሲነጠር ስንት እንደቀነሰ። ደብተሩን አገላበጥኩት። አንዲት የአንጋጫ ሴት ስም ፊት ለፊት «ክረምት ላይ ውኃ ይበዛል፣ ዋጋ ይቀነስ» ይላል። እናቴ ይህን ሁሉ በጭንቅላቷ ይዛው ነበር።

አንድ ነገር ግን አልተስማማንም። እርሷ ሁሉንም ቀላቅላ አንድ ዓይነት አድርጋ ታነጥራለች፤ እኔ ለጋውንና በሳሉን ለይተሽ ሽጪ አልኳት። «አዲስ አበባ ያለ ሰው ልዩነቱን አያውቅም» አለች። የሾላ ሰው ያውቃል አልኳት። «የሾላ ሰው ከእኔ አይገዛም፤ ከእኔ የሚገዛው ኮንዶሚኒየም ያለ ሰው ነው፣ እሱ የሚፈልገው ባለፈው የገዛው ዓይነት እንዲሆንለት ነው» አለችኝ። መከራከሬን ቀጠልኩ። ለጋ የሚለይ ሰው ዛሬም አለ፤ ዋጋም ይጨምራል፤ ለማሳየት ሁለት ማሰሮ ለጋ ብቻ አዘጋጂልኝ፣ እኔ ገዝቼ ለሚያውቁ ሰዎች አዲስ አበባ አቀምሳለሁ አልኳት። ስልኳን አወጣች፣ ሒሳቡን አሰላች፣ ከተለመደው ዋጋ ጨምራ ነገረችኝ።

«ለዘመድም?» አልኳት።

«ለጋው ይወደዳል ያልከው አንተ ነህ» አለች። «መኪናው ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ይወጣል፤ እስከ ማታ ብሩን ካላስገባህ ማሰሮዎቹን ለሌላ ሰው ነው የምጭናቸው።»